የሚስተር ዴል ውሻ

ጥቅምት 8 ቀን 2009

ብርድ ብጤ ጀመረ። ጠዋት ቅጠል ጠረግኩ። የኔን ጨርሼ የሚስተር ዴልንም ጠረግኩ። ማን ይጠርግለት? ስትሮክ ጥሎት ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ቤቱ እንደተዘጋ ነው። ጎረቤቴ ነው፣ አጥር ለአጥር።

ውሻዋ እኔ ጋ ናት። አምጡልኝ አላልኩም። አምቡላንስ ሲወስደው ገመዷን ይዤ ቆሜ ነበር፣ የሚቀበለኝ ጠፋ። ልጁ ራንዲ ከአላባማ ደወለ። «ለጊዜው ያዙልኝ» አለ አሉ። ልጄ ሐረገወይን ናት ያስተረጎመችልኝ። ጎረቤትን እምቢ ይሉታል?

ስሟ ብስኩት ነው። ውሻ ይሏታል እንጂ… እግሯ አጭር፣ ወገቧ ረጅም፣ ሆዷ መሬት ይጠርጋል። ጢም አላት እንደ ሽማግሌ። ይቺ ናት እንግዲህ የቆሰለ አጋዘን የምትፈልግ! አዳኞቹ አጋዘኑን በፍላጻ ወግተው ጫካ ገብቶ ሲጠፋባቸው ሚስተር ዴልን ይጠሩታል። እሷ ደሙን በአፍንጫዋ ተከትላ ከወደቀበት ታደርሳቸዋለች። ሚስተር ዴል ነው ከቡችላነቷ ያስተማራት። ባለቤቴ ፋናዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በአጥሩ ቀዳዳ ዳቦ ታቀብላት ነበር። እኔ እቆጣ ነበር። «ውሻ ታቀብጫለሽ» እያልኩ።

ሐረግ ከምትኖርበት ከዱሉዝ መጣች። ገና በሩን ሳትዘጋ ጀመረች። «አባዬ፣ ውሻ ቤት ውስጥ? ቄሱ ጸበል ሊረጩ ሲመጡ ምን ልትል ነው?»

«ጋራዥ ነው የምትተኛው» አልኳት።

ውሸቴን ነው። ሶፋው ሥር ነው የምትተኛው። ታንኮራፋለች ደግሞ። ቤቱ ውስጥ ከኔ ሌላ የሚተነፍስ ነገር ከተሰማኝ ስንት ጊዜዬ…

ጥቅምት 13

ሚስተር ዴልን ሄጄ አየሁት። ከሆስፒታል አውጥተው ነርሲንግ ሆም አስገብተውታል። ቀኝ ጎኑ አይሠራም። አፉም አይናገርም። እኔ እንግሊዝኛ የለኝ፣ እሱ ምላስ የለው… ተያየን። «ብስኩት ጉድ» አልኩት። ዓይኑ ውሃ ሞላ። ደንግጬ ወጣሁ።

ደህና ሰው ነው። እኔ ግን ተቀይሜው ኖሬያለሁ። ፋናዬ ያረፈች ሰሞን፣ ቤቱ በለቅሶ ደራሽ ሞልቶ፣ ትልቅ ትሪ ሙሉ የተጋገረ ምግብ ይዞ መጣ። «ኖ፣ ቴንኪው» አልኩት፣ እንደ ወጉ። ይድገመኝ፣ ይሠልስ፣ ከዚያ እቀበለዋለሁ ብዬ። «ኦኬ» አለና ትሪውን ይዞ ተመለሰ! በለቅሶ ቤት ፊት! ዓመት ሙሉ በሩቁ ሰላም አልኩት።

እዚህ አገር ሰው የሚጠይቅህ አንዴ ነው። አንዴ ብቻ።

ጥቅምት 20

መርዕድ ደወለ። ዱሉዝ ጎማ ቤት ያለው፣ ከሐረግ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ልጅ። ልጅ ስል እሱም ሸብቷል።

«ጋሽ ክፍሌ፣ የሚስተር ዴል ውሻ እርስዎ ጋ ናት አሉ?»

«ብትሆንስ?»

«አጋዘን ሂት አድርጌ ጠፋብኝ። ይዘውልኝ ይምጡ በሞቴ። ደግሞ ሥራ ካጣች ትበላሻለች፣ ሚስተር ዴል ሁሌ እንደዛ ይል ነበር።»

ወንዙ ዳር ነው፣ ቻታሁቺ። ቤት ከቤት ተጣብቆ እዚህ ጋ ጫካ አለ ብዬ አላውቅም ነበር። እዚህ ጥይት ክልክል ነው፣ በቀስት ነው የሚያድኑት። መርዕድ ቅጠል የመሰለ ልብስ ለብሶ ቆሟል። ሳየው ሳቄ መጣ።

«በክቱን ትበላዋለህ?» አልኩት።

«ኧረ አልበላም! ጎማ ቤት ለሚሠሩት ሜክሲኮዎች ነው የምሰጠው። ለኔ ሆቢ ነው።»

«የማትበላውን ትገድላለህ?»

«እርስዎ ደግሞ… ኳስ ያዩ የለ? ኳሱን ይበሉታል?»

ደሙን አሳየኝ። ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ ያለች፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል። «ደማቅ ከሆነ ሳንባውን ነው፣ ሩቅ አይሄድም። የሚሸት ከሆነ ሆድ ዕቃውን ነው፤ ያኔ ብዙ ሰዓት መጠበቅ ነው። ቶሎ ከተከተሉት ተነስቶ ይሸሻል፣ ከዚያ አገኘሁት ማለት ዘበት ነው።»

ብርቱካን የመሰለውን የአንገቷን ማሰሪያ አሠርኩላት፣ ረጅሙን ገመድ ያዝኩ። አፍንጫዋን ደሙ ላይ አደረገች… ሌላ ውሻ ሆነች። ዕድሜዬን ሙሉ ሹፌር ነበርኩ፣ ዛሬ እኔ ተነዳሁ። በእሾህ ውስጥ፣ በጅረት ውስጥ፣ ሱሪዬ ተቀደደ። ቁጥቋጦ ሥር አስገብታ አቆመችኝ። አጋዘኑ እዚያው ወድቋል! ጸጉሩን በጥርሷ ይዛ ትጎትት ጀመር።

«ተይ!» ብዬ በገመዱ መለስኳት። የሰው ንብረት ነው። በዚያ ላይ በክት ነው። በክት የነካ አፍ ቤቴ ገብቶ እጄን ሊልስ ነው? ደግሞ ደም የለመደ ውሻ…

መርዕድ ሆዱን እየከፈተ «ለሷም ትንሽ ልቁረጥላት?» አለ።

«የለም፣ የለም! ቤቷ በልታ ነው የወጣችው።»

«እሺ ጋሽ ክፍሌ።»

አንዴ ብቻ። ይሄም ልጅ አሜሪካዊ ሆኗል። ግን ደስ አለኝ። ከኔ ጋር የመጣ ውሻ የሰው ንብረት ላይ ዓይኑን አይጥልም።

ጥቅምት 28

ጢሙ ቀይ የሆነ ፈረንጅ አዳኝ በመርዕድ በኩል ጠራን። ዛሬም አገኘችለት። ሰውዬው እንደ ሕፃን ዘለለ። ጉበቱን ቆርጦ በቢላው ጫፍ ዘረጋላት። «ኖ፣ ኖ፣ ቴንኪው» አልኩ፣ ገመዱን ወደኔ ሳብኩ። ትከሻውን ነቅንቆ ወረወረው።

ብስኩት ቀና ብላ ቢላውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ የኋላ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ በመስኮት ታይ ነበር። እኔም ቀጥ ብዬ ነዳሁ። ሰፈራችን ሮዝዌል እስክንገባ ሁለታችንም ሚኒስትር መስለናል።

ኅዳር 4

ደም በሌለበት፣ በደረቅ ቅጠል ላይ ተከትላ አገኘች። በሥጋው አጠገብ እንዳታልፍ ገና ከሩቁ ገመዷን አሳጠርኩ። ሰው ሁሉ «ጉድ ዶግ» ይላል። ፋናዬ ይሄን ብታይ… ለማን ልንገረው?

ኅዳር 9

ብስኩት ዛሬ ቀዝቀዝ ብላ ነው የዋለችው። ብርድ ይሆን? አገኘች፣ ግን እያዘገመች። ስናገኘው ጸጉሩንም አልያዘችም፣ ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። ጨዋ ሆነችልኝ አልኩ።

ኅዳር 12

መሃል ጫካ ተኛች። ደሙ ፊቷ እያለ! ጎትቼ አነሳኋት፣ ጥቂት ሄዳ ደግማ ተኛች። ቀይ ጢሙ ሰውዬ ነበር። ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከና ብቻውን ሊፈልግ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 15

የነቢያት ጾም ዛሬ ገባ። ፈረንጆቹ ደግሞ ዛሬ ነው የቱርካቸው ቀን። ሐረግ «በልተን እንግባ» ብላ ትናንት ነው ያበሰለችው። አንድ ቀን ዶሮ የሚያክል ቱርክ ገዝታ አታውቅም፣ ሁሌ በሬ የሚያክል።

ጠዋት ደግሞ ተጠራን። ደግሞ ተኛች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ተሸክሜያት ሄድኩ። ብሸከማት ምን ዋጋ አለው፣ አፍንጫው የሷ! ከሰዓት በኋላ ጥንብ አንሳ ሲዞር አይተው አጋዘኑን አገኙት። ተበልቷል። በከንቱ ሞተ። ስንት ሰዓት እያጣጣረ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

«ጋሽ ክፍሌ፣ ጾሙን ለሷም አስያዟት እንዴ?» ብሎ መርዕድ ይቀልዳል።

አልሳቅኩም። ምን ሆነች? ምን አደረግኳት? ትበላለች። ትጠጣለች። ሶፋው ሥር ታንኮራፋለች። ቤት ውስጥ ስትሆን ደህና ናት። ጫካ ስንገባ ነው አንድ ነገሯ የሚጠፋው።

ኅዳር 18

ሚስተር ዴል ጋ ሄድኩ። ሌላ ማንን ልጠይቅ? «ብስኩት ኖ ወርክ» አልኩት። መሬት ላይ ተኝቼ ሁሉ አሳየሁት፣ እንዴት እንደምትተኛ። ነርሷ በበሩ አየችኝና አፏን ያዘች።

ገባው። ዓይኑ ሲገባው አየሁ። ግራ እጁን አነሳ፣ ወደ አፉ ወሰደ። ከዚያ እጁን ወደ አልጋው ሥር ዝቅ አደረገ። ደግሞ ወደ አፉ። ደግሞ ዝቅ። «ር… ር…» ይላል፣ ምራቁ እየወረደ። ራበው ብዬ ነርሷን ጠራሁ። ፑዲንግ አመጣችለት። ማንኪያውን በእጁ መትቶ ጣለው! አለቀሰ። እኔም ላለቅስ ነበር። ምን እያለኝ ነው? ራበህ? ጠማህ? ወንድሜ፣ ምንድነው?

ኅዳር 24

የውሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐረግ አብራኝ ሄደች፣ እያጉረመረመች። ደሟን አዩ፣ ጥርሷን አዩ፣ እግሯን አጠፉ ዘረጉ። ምንም የለባትም።

«ውሻዋ ደህና ናት» አለችኝ ሐረግ መኪና ውስጥ። «አንተ ነህ ደህና ያልሆንከው። አባዬ፣ ለምን እኛ ጋ አትገባም? ክፍሉ ዝግጁ ነው እኮ።»

«እሷስ?»

«ማን እሷ?»

በመስተዋቱ የኋላውን ወንበር አየሁ። «ውሻዋን ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ አየችኝና ሳቋን ተወችው።

ታኅሣሥ 3

ራንዲ ደወለ። ሐረግ ስልኩን ጮክ አድርጋ ታስተረጉምልኛለች። አባትየው ከእንግዲህ ወደ ቤቱ አይመለስም። ቤቱ ይሸጣል። ውሻዋስ? አላባማ ጓደኛ አለው፣ እንደ ሚስተር ዴል በውሻ የቆሰለ የሚፈልግ። «የምትሠራ ከሆነች ለሱ እሰጣታለሁ። አባቴ የሚሠራ ውሻ ሶፋ ላይ አይሙት ይል ነበር። ያለቀላት ከሆነች ግን እርስዎ ጋ ትቅር፣ ቤትዎን ለምዳለች። ለአዲስ ዓመታችን መጥቼ አያታለሁ» አለ።

«ነገርኩት» አለች ሐረግ። «ሥራ ትታለች አልኩት። እንግዲህ ላንተ መቅረቷ ነው።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አልኩ፣ የከፋኝ መስዬ።

ልቤ ግን ዘለለች። ያለቀላት ትሁን! ምን አለበት? እኔስ ያለቀልኝ አይደለሁ? ሁለታችንም ሶፋችን ላይ…

ታኅሣሥ 9

እሑድ። ነርሲንግ ሆሙ በእሑድ ውሻ ያስገባል አሉኝ። አጥቤ አበጥሬ ይዣት ሄድኩ።

ሚስተር ዴል ሲያያት የሆነውን መጻፍ አልችልም። ፊደሉም አይበቃኝ።

ምሳው ቀርቦለት ነበር። ከለስላሳው ዳቦ በግራ እጁ ቆረሰ። ወደ አፉ ወሰደ፣ ሊበላው መስሎኝ ነበር። አልበላውም። ወደ አልጋው ሥር ዝቅ አደረገው። ብስኩት ሁለት እጇን አልጋው ላይ ሰቅላ ተቀበለችው። ከዚያ ሌላ ቆረሰና እኔ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠው። ክንዴን ይዞ ወደሷ ገፋው። ገፋው፣ ገፋው።

ዘረጋሁላት። እጄን አየችው። ወደ ኋላ አለች።

ከሱ እጅ የበላችው ውሻ ከኔ እጅ ፈራች። በሳህን ነው የማበላት። ጫካ ውስጥ ደግሞ የተዘረጋላትን ሁሉ በገመድ የምመልሳት እኔ ነኝ። ስትፈልግ ውላ፣ አግኝታ፣ ባዶ አፏን ወደ ቤት። ቢላውን አየችና እኔን አየችኝ እኮ! ጽፌዋለሁ። የጻፍኩት እኔ፣ ያልገባኝ እኔ።

«ር… ር…» አለ ሚስተር ዴል። ራሴን ነቀነቅኩ። ገባኝ ወንድሜ። ተኛና ትራሱ ላይ ዓይኑን ጨፈነ። እፎይ ያለ ሰው ፊት።

ታኅሣሥ 10

ጎማ ቤት ሄድኩ። መርዕድ መኪና ሥር ተኝቷል፣ እግሩን ብቻ ነው የማየው። ለእግሩ ተናገርኩ።

«ሚስተር ዴል ስታገኝለት ምን ያደርግላት ነበር?»

«ጉበት ነዋ! ከእጁ። መጀመሪያ ጸጉሩን ትጎትታለች፣ ኬኳ ነው ይል ነበር፣ ከዚያ «ሪዋርድ» እያለ ጉበት ያጎርሳታል፣ ሽልማቷን። ፈረንጆቹ ያን ሳያደርጉ አይሄዱም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ተንሸራቶ ወጣ። ፊቱ ግራሶ ብቻ ነው። «ጋሽ ክፍሌ፣ መቼ ጠየቁኝ? ልስጣት ስልዎት በልታ ነው የወጣችው አሉኝ። የራስዎ አሠራር ያለዎት መሰለኝ!»

ፋናዬ ሁሌ ትለኝ ነበር፣ «አንተ ሰውዬ ለራስህ እምቢ ማለትህ ሳያንስ ለሰውም እምቢ ትላለህ።» ለውሻም እላለሁ ለካ።

ታኅሣሥ 14

እንግዲህ ለምን እንደምትተኛ አውቄያለሁ። የሚያውቀው ሚስተር ዴልና እኔ ነን፤ እሱ መናገር አይችልም። መርዕድ ነገሩ አልገባውም።

ዝም ካልኩ ትቀራለች።

ምንም ማድረግ የለብኝም። ዝም ማለት ብቻ። ዕድሜዬን ሙሉ የምችለው ነገር ቢኖር እሱ ነው…

ጠዋት ከመዳፌ ሽምብራ በላች። እየፈራች፣ ግን በላች። ለምን እንዳለማመድኳት አላውቅም። ዝም ብዬ ነው።

ታኅሣሥ 22

ራንዲ መጣ። አባቱን ቁርጥ፣ ከምላሱ በቀር። ብስኩትን ሲያይ ተንበርክኮ ጆሮዋን አሻሸላት። እሷም አወቀችው።

አጋጣሚ ሆኖ መርዕድ ጎህ ሲቀድ አንዲት ሴት አጋዘን ወግቶ ነበር። ሆድ ዕቃዋን ነው፣ ፍላጻው ይሸታል። ጠብቀን ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ገባን። ራንዲ ገመዱን ለኔ ተወልኝ።

ጅረቱ ድረስ ሄደች። ከጅረቱ ማዶ፣ አጋዘኗ ተኝታ የተነሳችበት የረጋ ደም አለ። ብስኩት አሸተተችው። ተኛች።

ራንዲ ብዙ ጠበቀ። ከዚያ የሆነ ነገር አለ፣ ቀስ ብሎ። መርዕድ አስተረጎመ። «አልቆላታል፣ ያሳዝናል፣ እርስዎ ጋ ትቅር ነው የሚለው። እንኳን ደስ ያለዎት ጋሽ ክፍሌ!» ራንዲ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አለ ደግሞ።

አለቀ። የኔ ሆነች። ገመዴን ጠቅልዬ ወደ ቤቴ መሄድ ብቻ ነበር የቀረኝ።

የእርስዎ ጥፋት አይደለም… ቢረግመኝ እችለው ነበር።

ብስኩትን አየኋት። ሆዷ ተኝቷል፣ አፍንጫዋ ግን አልተኛም። ይንቀሳቀሳል። ታውቃለች! አጋዘኗ የት እንዳለች ታውቃለች፣ እዚያ ማዶ ሆዷ ተቀዶ የተኛችውን። ሆን ብላ ነው የማትነግረኝ። አኮረፈችኝ። ልክ ናት። እኔም አኩርፌ ነው የኖርኩት፣ የማኩረፍ ነገር እኔን አያልፈኝም።

ያቺስ አጋዘን? ጥንብ አንሳ ነው የሚያገኛት?

ተንበረከክኩ። ጉልበቴ ጮኸ። የረጋውን ደም በጣቴ ዛቅሁ። ጾም ነው። ይቅር ይበለኝ። ዘረጋሁላት።

አየችኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። ከዚያ ላሰችው። መዳፌን ጠራርጋ ላሰችው።

«ሂጂ» አልኳት በአማርኛ። «ሂጂ እናቴ።»

ተነሳች። ገመዱ እጄን ላጠው። ራንዲ ከኋላዬ ሲጮህ ይሰማኛል። የወደቀ ግንድ ሥር አጋዘኗ ተኝታለች፣ አንገቷ ቀና ብሏል፣ ታየናለች። ፊቴን አዞርኩ። መርዕድ ጨረሰላት። ከዚያ ብስኩትን ለቀቅኳት፣ ጸጉሯን ያዘች፣ ጎተተች፣ ያን ጢሟን እያወዛወዘች። አልመለስኳትም።

«መርዕድ» አልኩ። «ጉበቱን ስጠኝ።»

ከሰው እጅ ስጠኝ ብዬ መች አውቃለሁ? መርዕድም ደንግጦ አየኝ። ሰጠኝ። ትኩስ ነበር። ከመዳፌ በላች፣ አልፈራችም።

ራንዲ አጠገባችን ቁጢጥ አለ። ይስቃል፣ ዓይኑ ግን እንደ አባቱ ነው። «ሺ ኢዝ ኖት ዳን» አለ። እሱን ማንም ሳያስተረጉምልኝ ገባኝ፤ አላለቀላትም።

ታኅሣሥ 23

ወሰዳት።

ሐረግ ሳልጠራት መጣች። ሳህኗን አጥቤ ሰጠሁት። ገመዱን ሰጠሁት። «ከእጅህ ስጣት በልልኝ» አልኳት። «መጨረሻ ላይ፣ ሁልጊዜ፣ ከእጅ። ለሰውየው ይንገረው።»

ነገረችው። ራንዲ ፈገግ አለ። መልሱን ልትተረጉምልኝ አልፈለገችም።

«ምን አለ?»

«ተወው አባዬ።»

«ምን አለ?»

«ይሄንንማ ማንም ያውቀዋል፣ አለ።»

መኪናው ሲዞር በኋላ መስኮት ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እንደዚያን ቀን። ወደኔ አየች ወይስ ወደ መንገዱ? ዓይኔ አይለይም።

ታኅሣሥ 24

ሶፋው ሥር መጥረጊያ ሰደድኩ። ጸጉር ወጣ። መልሼ ተውኩት።

ታኅሣሥ 29

ገና። ሐረግ ቤት ዋልኩ። ብላ አሉኝ፣ ደገሙ፣ ሠለሱ፣ እንደ ወጉ። በልቼ መጣሁ። ክፍሉን አሳየችኝ፣ አልጋው ተነጥፏል። አስብበታለሁ አልኩ። እምቢ አላልኩም፤ እሷም አስተውላዋለች።

ጥር 7

ሚስተር ዴል ጋ ሄድኩ። ከሄደች ወዲህ ዛሬ ገና ነው ያየሁት፣ ፊት አጥቼ።

በሩን ሳልፍ ከኋላዬ አየ፣ ወለሉን። ማንም የለም። ግራ እጁን ወደ አፉ ወሰደ፣ ከዚያ በአልጋው ጎን ወደ ታች ሰደደው፣ መዳፉን ዘርግቶ። ዛሬ ገብቶኛል። የሚጠይቀኝ ስለሷ ነው። አላባማን በምን እጅ አሳያለሁ? ልጅህ ወሰዳት፣ እኔ ነኝ ያስወሰድኳት… በምን ቋንቋ?

«ሺ ፋይንድ» አልኩት። እጄን ወደ አፌ ወሰድኩ። «ሺ ኢት። ፍሮም ሃንድ።»

ፊቱ ግማሹ ሳቀ። የሚሠራው ግማሹ። እጁን ግን አላነሳውም። እዚያው በአልጋው ጎን ተንጠልጥሏል፣ አፏን ይጠብቃል። እኔም ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩና መዳፌን መዳፉ ላይ አደረግኩለት። ጨበጠው። ውሻ እንዳልሆንኩ ያውቃል መቼም።

ነርሷ ምሳ እየገፋች ገባች። ሁለት ፑዲንግ ይዛለች። አንዱን ለሱ አስቀመጠች፣ ሌላውን ወደኔ ዘረጋች። «ዩ ዋንት ዋን?» አለችኝ።

አንዴ ነው የጠየቀችኝ።

ተቀበልኳት።